ግማሽ ፒስተን

ይህ አሁን የሰማችሁት ድምፅ ፒስተን፣ ማለትም በሞተር ሲሊንደር ውስጥ የሚመላለሰው ብረት፣ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ነው። ሙሉ ፒስተን አይደለም፤ በመጋዝ ከላይ እስከ ታች የተሰነጠቀ ግማሽ ነው። ባለቤቴ ከቤት እንዲወጣ ሦስት ጊዜ ፈርዳበታለች፤ እኔም ሦስቱንም ጊዜ ይግባኝ ብዬ መልሼዋለሁ። ደሴ ላይ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት አልፏል፤ ቆርቆሮው ላይ ካፊያ ይወርዳል። ድምፁ ከገባ ይቅርታ አድርጉልኝ።

የአባቴ ቮልስ እንደ ፈረንጆች የ1968 ሥሪት ናት፤ በእኛ 1960 ገደማ መሆኑ ነው። ሞተሯ 1500 ይባላል፣ በትክክል ሲቆጠር 1493 ሲሲ። ፒስተኑ 83 ሚሊሜትር ይሰፋል፣ 69 ሚሊሜትር ይጓዛል። ራዲያተር የላትም፣ ውሃ አትጠጣም። የሚያቀዘቅዛት ማራገቢያው የሚገፋው አየርና የራሷ ዘይት ብቻ ነው። አባቴ በእሷ በኮምቦልቻና በደሴ መካከል ያለውን የሐረጎን ዳገት ስንት ጊዜ እንደወጣና እንደወረደ እሱም አያውቀውም። ጉልበቱ ሲደክም ቁልፉን ለእኔ ሰጠኝ፤ እኔም በተቀበልኩ በወሩ ሞተሯን አወረድኩት።

ምክንያቱ ቅናት ነው፤ ሌላ ስም አልሰጠውም። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ስንወጣ ሚኒባሱ ሁሉ እያለፈን ይሄዳል፤ አባቴ ግን ዳገቱ ገና ሳይጀምር ማርሽ ቀንሶ፣ እንደ ሽማግሌ በቅሎ ዝግ ብሎ ይወጣል። «ሞተሩ ሳይለምንህ ማርሽ ቀይርለት» ይለኝ ነበር። እኔ ፍርሃት ይመስለኝ ነበር።

በ1500 ሞተር ላይ የ85.5 ሚሊሜትር ፒስተን ከነሲሊንደሩ መግጠም ይቻላል፤ ዋናውን የሞተር አካል መብሳት ሳያስፈልግ 1584 ሲሲ ይሆናል። እኔም እሱን አስመጣሁ። የሲሊንደሩ ክዳን የሆነው ቴስታታ ደግሞ ቀደም ሲል አየር ያስተላልፍ ስለነበር ሁለት ጊዜ በቶርኖ፣ በብረት መላጊያው ማሽን፣ ተልጎ ነበር። በተላገ ቁጥር ቤንዚኑ የሚቃጠልበት ጓዳ ይጠባል። ስንት እንደጠበበ አልለካሁም። በዚያ ላይ የደሴ አየር ስስ ነው፣ ቤንዚን ይበዛባታል ብዬ ቤንዚንና አየር የሚያደባልቀውን የካርቡራተሩን ዋና የቤንዚን ቀዳዳ በጠባብ ቀየርኩት። በራሴ በጣም ኮርቼ ነበር።

እውነቱን ለመናገር ደሴ ላይ ድንቅ ሆነች። ከመናፈሻ ወደ ፒያሳ እየተንደረደረች ስትወጣ ሰው ዞሮ ያያት ነበር። አባቴ አንድ ቀን ከጎኔ ተቀምጦ «ድምፁ ደርቋል» አለኝ። ሳቅሁበት።

አሁን የምነግራችሁን ያኔ ባውቀው ኖሮ አልስቅም ነበር። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ ናት። የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛው ብቻ ነው። ስለዚህ ሞተሩ አፉን ሞልቶ አይጎርስም፤ የጎረሰውን አጥብቆ ቢጨምቀውም ችግሩ አይታይም። 25 ኪሎ ሜትር ያህል ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ስትደርሱ ከፍታው ወደ 1,850 ሜትር ይቀንሳል፤ ጉርሻው ይተልቃል። ባቲን አልፋችሁ ሚሌ ስትገቡ 500 ሜትር ገደማ ላይ ናችሁ፤ ግፊቱ ከደሴው ከሩብ በላይ ይበልጣል። ያው ፒስተን፣ ያው ሲሊንደር፣ ያው ቤንዚን ነው፤ ግን ሌላ ሞተር ሆኗል። ለደሴ ያጠበብኩት የቤንዚን ቀዳዳ ደግሞ እዚያ ለበዛው አየር አይበቃም። ቤንዚን ያነሰው እሳት ይበልጥ ይግላል።

ሚሌ የሄድነው ለዘመድ ሰርግ ነው። ስንመለስ አራት ሰው ጭነን፣ ፀሐይዋ አናት ላይ ሆና፣ የባቲን ዳገት ጀመርን። ሞተሯ ካለበት ከኋላ አንድ ድምፅ መጣ። ምጣድ ላይ የሚንጣጣ ሽምብራ ታውቃላችሁ? ልክ እንደዚያ። ቤንዚኑ ካንዴላው ከለኮሰው እሳት ሌላ በራሱ ጊዜ እየፈነዳ ነበር። እኔ ጠጠር ነው አልኩ። ድምፁ ሲበረታ ምን እንዳደረግሁ ልንገራችሁ፦ ሬዲዮኑን ከፍ አደረግሁት።

ማርሽም አልቀነስኩም። ከፊቴ ያለውን የጭነት መኪና ካለፍኩ በኋላ እቀንሳለሁ እያልኩ በሦስተኛ ማርሽ አስጨነቅኋት። በአየር የሚቀዘቅዝ ሞተር ማራገቢያው የሚዞረው በራሱ በሞተሩ ነው፤ ሞተሩ ቀስ ብሎ ሲዞር ንፋሱም ይቀንሳል። በከባድ ማርሽ ዳገት የሚገፋ ሰው እሳቱን እየጨመረ ማራገቢያውን ያዳክማል። የአባቴ «ፍርሃት» ለካ ይህ ነበር።

ሰማያዊ ጭስ ወጣ፣ ጉልበቷ ከዳት፣ ቆመች። ኮምቦልቻ የገባነው በጭነት መኪና ላይ ተጭነን ነው፤ ያንን ልለፈው።

ሞተሩ ሲፈታ ሦስተኛው ፒስተን ተጎድቶ ተገኘ። ፒስተኑን በሚከብቡት ቀለበቶች፣ በላይኛውና በሁለተኛው ፋሻ፣ መካከል ያለው ግድግዳ ተሰብሯል፣ ጠርዙ አይጥ የበላው ዳቦ መስሏል። ሦስተኛው የሆነው በአጋጣሚ አይደለም። በእነዚህ ሞተሮች ላይ የዘይት ማቀዝቀዣው የማራገቢያው ቤት ውስጥ ቆሞ ወደ ሦስተኛው ሲሊንደር የሚሄደውን ንፋስ ይጋርደዋል። ፋብሪካው ራሱ ከ1971 ሥሪት ጀምሮ ከመንገዱ አውጥቶታል። የእኛዋ ግን የ1968 ናት።

አዲስ ፒስተኖች ገዝቼ፣ አራቱን በጋቢ ጠቅልዬ፣ ኮምቦልቻ ወደሚገኙ አንድ የቶርኖ ባለሙያ በሚኒባስ ወረድኩ። አጠገቤ የተቀመጡ እናት «ምንድን ነው እንዲህ ያቀፍከው?» አሉኝ። ፒስተን ነው አልኳቸው። «አብሽር ልጄ፣ ሁሉም ያልፋል» አሉኝ። የበሽታ ስም መስሏቸው ይሁን አይሁን እስከ ዛሬ አልገባኝም።

ባለሙያው ዋጋ ከመናገራቸው በፊት «ይህ መኪና የት የት ይሄዳል?» ብለው ጠየቁኝ። ደሴ ነው ያለችው አልኳቸው። «ያለችበትን አልጠየቅሁህም» አሉኝ።

ሚሌ አልኳቸው።

መጀመሪያ ያስለኩኝ ያልለካሁትን ነው። ከፋርማሲ በተገዛ ሲሪንጅ፣ በተበሳ ግልጽ ፕላስቲክ በኩል፣ የቴስታታውን ጓዳ በዘይት ሞላን፤ ፒስተኑ ጫፍ ሲደርስ ከላዩ የሚቀረውን ክፍተትም ደመርንበት። 52 ሲሲ መጣ። አንዱ ሲሊንደር 396 ሲሲ ይስባል፤ 52ቱ ተደምሮበት ለ52 ሲካፈል፣ ሞተሩ የጎረሰውን 8.6 እጥፍ አድርጎ ይጨምቃል ማለት ነው። ፋብሪካው ለ1500 የሰጠው 7.5 ነበር። ከሲሊንደሩ ሥር ቀለበት አስገብተን እናራርቀው አልኩ፤ እምቢ አሉ። ፒስተኑ ከቴስታታው ሲርቅ፣ ጠርዝ ለጠርዝ ሲቀራረቡ የሚፈጠረው ግፊት ይጠፋል፤ ቤንዚንና አየሩን የሚያማስለው እሱ ነው። ስለዚህ ጠርዙ እንዳለ ሆኖ የፒስተኑ ራስ መሐሉ ብቻ እንደ ጣባ እንዲጎደጉድ ተወሰነ፦ ስፋቱ 60 ሚሊሜትር፣ ጥልቀቱ 2። ይህ 5.6 ሲሲ ገደማ ይጨምራል፤ 8.6 ወደ 7.9 ይወርዳል።

ይህን ፒስተን የሰነጠቅነው ያኔ ነው፤ ከተጎዳው ስብስብ አንዱ ነው። አዲሶቹም የዚያው ዓይነት ስለሆኑ፣ የፒስተኑ ራስ ውፍረት ስንት እንደሆነ በዓይናችን ሳናይ መቁረጥ አይሆንም አሉ። አሁን ጣቴን በተቆረጠው ገጽ ላይ እያሄድኩ ነው። መሐሉ ወፍራም ነው፣ ከፋሻው ቦይ በስተጀርባ ግን እንዴት እንደሚሳሳ!

ፒስተን ክብ አይደለም፤ ይህንን እዚያ ተማርኩ። ሲቀዘቅዝ ሞላላ ነው፣ ራሱም ከእግሩ ይጠባል፤ ሲግል እንዲስተካከል ታስቦ የተሠራ ነው። የቶርኖው ሦስት ጥርስ ጎኑን ጨምቆ ቢይዘው ይጣመማል። ባለሙያው ከወዳደቀ አሉሚኒየም ክብ መቀመጫ ጠረቡ፤ የፒስተኑ እግር ልክክ ብሎ ተቀመጠበት። ቢየላው፣ ማለትም ፒስተኑን ከሞተሩ ዘንግ ጋር የሚያያይዘው ክንድ፣ የሚታሰርበትን ፒን አስገብተው፣ በእሱ በኩል ከኋላ በብሎን ሳቡት። ጎኑን የነካው ነገር የለም። ብረቱ ቢላው ላይ እንዳይጣበቅ ላምባ በብሩሽ እየቀቡ ቆረጡ፤ ብርማ ቅንጥብጣቢው እንደ ቄጠማ መሬቱን ሞላው። አራቱን ለመጨረስ ከጠዋት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ፈጀባቸው። እኔ ብሆን ለምሳ አደርሳቸው ነበር፤ አንዱንም አበላሽቼ።

የተመዘኑት በጎረቤት ቅመም ነጋዴ ሚዛን ነው። በቀላሉና በከባዱ መካከል 7 ግራም ልዩነት ነበር፤ እስከ 10 ግራም ይፈቀዳል። እሳቸው ግን ከባዱን ከውስጥ በኩል እየሞረዱ ወደ 2 አወረዱት። ፒስተኖቹ ደሴ ሲገቡ ኮረሪማ ኮረሪማ ይሸቱ ነበር።

ከተገጠመች በኋላ የቤንዚኑን ቀዳዳ ወደ ቀድሞው መለስኩ። ደሴ ላይ እንደ በፊቱ አትንደረደርም፤ አልዋሽም፣ ይቆጨኛል። ባለፈው ቅዳሜ አባቴን ይዤ ኮምቦልቻ ወርጄ ተመለስኩ። ሬዲዮኑ ጠፍቷል። ሐረጎ ሥር፣ ዳገቱ ገና ሳይጀምር፣ ወደ ሁለተኛ ቀየርኩ። ሚኒባሶቹ አለፉን። አባቴ መንገዱን ሙሉ አንድ ቃል አልተናገረም፤ አንገቱን ወደ ኋላ ዘንበል አድርጎ ያዳምጣል። ቤት ደርሰን፣ ሞተሩን ሳላጠፋ፣ ወርዶ በሩን ዘጋ። ከዚያም በመስኮቱ ጎንበስ አለና «ሚኒሞው ከፍ ብሏል» አለኝ።

እውነቱን ነበር፤ ቆመን ሳለ ሞተሩ ከሚገባው በላይ ይፈጥን ነበር። እሑድ ጠዋት የካርቡራተሩን ብሎን ሩብ ዙር አላላሁት።