ሳይለኩ ማፍረስ፦ በገላን ጉራ የእድር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር

እንደምን ዋላችሁ ጎረቤቶች። ሰብሳቢያችን «ስለ ልብስ ስፌት ታሪክ አምስት ደቂቃ ተናገር» ብለውኛል። እሺ ብያለሁ፤ ግን የማወራው ስለ አንድ ፎቅ ነው፣ ይቅር ይበሉኝ።

ሰፈራችን ካዛንቺስ ለመንገድ ተብሎ ፈርሶ ወደዚህ ሳንመጣ፣ እዚያ በረንዳ ላይ ልብስ ከሰፋነው መሃል የሲንጀር የስፌት መኪና ያልረገጠ የለም። መኪናውን የሚሠራው የሲንጀር ኩባንያ ኒውዮርክ ብሮድዌይ ላይ ዋና መሥሪያ ቤት ነበረው። ኧርነስት ፍላግ የሚባል አርክቴክት ነድፎት እ.ኤ.አ. በ1908 ሲያልቅ 187 ሜትር፣ የዓለም ረጅሙ ሕንፃ ሆነ። በዓመቱ ሌላ በለጠው። ይብለጠዋ! እኔ የወደድኩት መግቢያውን ነው፤ የእብነ በረድ ምሰሶ፣ ከላይ የነሐስ ክብ ጌጥ፣ ጌጡ ላይ መርፌ፣ ክርና ቦቢን (የመኪናው ክር መጠቅለያ)። ባለከረባቱ ሁሉ የሚያልፈው በእኛ ቦቢን ሥር ነበር እኮ! («ሰፊ ምን ሙያ አለው» እያሉ ለሚያላግጡ ይድረስልኝ።)

ኋላ ኩባንያው ለቆ ወጣ፣ ቦታው ዩ.ኤስ. ስቲል የሚባል የብረት ኩባንያ እጅ ገባ። የማማው ወለል ጠባብ ነው፤ በየጎኑ 20 ሜትር ገደማ፣ ሊፍትና ደረጃው ሲቀነስ ምን ይተርፋል? አያዋጣም ተባለና እ.ኤ.አ. በ1967 ማፍረስ ጀመሩ። ከተማዋ የቅርስ ሕግ ያወጣችው በ1965 ነው፤ ሲንጀር ግን አልተመዘገበም። ዛሬ እዚያ የቆመው ባለ 54 ፎቅ ጥቁር ሕንፃ ነው።

አሁን ልብ በሉልኝ። እነዚያ ሊያፈርሱት ሲሉ እንኳ ባለሙያ ፎቶ አንሺ ገብቶ ምሰሶውንም ጣሪያውንም አንስቶ ለመንግሥት መዝገብ አስቀመጠ። የእኛስ? «ይፈርሳል» ለማለት በራችን ላይ ቀይ ቀለም የቀባው ልጅ ስልኩን ከኪሱ አላወጣም! መንገዱ ይስፋ፣ የመንገድ ጠላት አይደለሁም፤ መጸዳጃ ቤቱን ለስንት አባወራ እንደምንጋራውም አልረሳሁትም። ግን በረንዳው ስንት ሜትር ነበር? ስንት የስፌት መኪና ይደረደርበት ነበር? የት ተጻፈ? ሜትር አንገታችን ላይ አንጠልጥለን የምንውል ሰዎች ነን፤ አንድ ኮሌታ እንኳ ሳንለካ አንቆርጥም። ሰፈር የሚያህል ነገር ሳይለካ ይቆረጣል?

ስለ ሱቅ ኪራዩና ስለ መብራቱ ሰብሳቢው ይናገራሉ። የትራንስፖርቱን ነገር ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፣ አልደግመውም።

ፎቶ ያላችሁ፣ የሠርግም ይሁን የልቅሶ፣ ከሰዉ ኋላ በረንዳው ከታየ ለጸሐፊው ስጡት፤ ኮፒ አድርጎ ይመልሳል። ከጸሐፊው ጋር የተኳረፋችሁ ደግሞ ለእኔ በቴሌግራም ላኩልኝ።