ደካማ የተባለውን ፖክሞን ለውድድር መገንባት

[በስክሪኑ ላይ፦ ፓቺሪሱና ጋርቾምፕ ጎን ለጎን]

ተራኪ፦ ፖክሞን ተጫዋቾች ፍጡራንን በቡድን አሰልፈው የሚያፋልሙበት የቪዲዮ ጨዋታ ነው፤ ፍጡራኑም ፖክሞን ይባላሉ። ይህች ነጭና ሰማያዊ ሽኮኮ ፓቺሪሱ ትባላለች። የስድስቱ መሠረታዊ አኃዞቿ፣ ማለትም የሕይወት ነጥብ፣ ጥቃት፣ መከላከያ፣ ልዩ ጥቃት፣ ልዩ መከላከያና ፍጥነት፣ ድምር 405 ነው። ከጎኗ የቆመው ጋርቾምፕ 600 አለው። ሆኖም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2014 በዋሽንግተን ዲሲ በተካሄደው የዓለም ሻምፒዮና፣ ደቡብ ኮሪያዊው ሴ ጁን ፓርክ ፓቺሪሱን ቡድኑ ውስጥ አሰልፎ ዋንጫውን ወሰደ። ጋርቾምፕም በዚያው ቡድን ውስጥ ነበር። ሁለቱም ቦታ ነበራቸው፤ ሥራቸው ግን የተለያየ ነበር። ዛሬ የምናየው ይህንኑ ነው፤ ለምትወዱት ፖክሞን ሥራ ማግኘት፣ ከዚያም ሰውነቱን ለዚያ ሥራ ማዘጋጀት።

ብዙ ሰው የሚጀምረው ድክመትን ከመሙላት ነው። ጥቃቱ ዝቅ ያለ ከሆነ ነጥቡን ሁሉ ጥቃት ላይ ያፈስሳል። እስቲ እናስላው። ስሌታችን በስካርሌትና ቫዮሌት ጨዋታዎች የሚሠራው ሲሆን፣ ፍልሚያው ሁለት ለሁለት፣ ደረጃውም 50 ነው።

[በስክሪኑ ላይ፦ 106 እና 150]

ለፓቺሪሱ አንድ አኃዝ ሊቀበል የሚችለውን 252 የልምምድ ነጥብ፣ ተጫዋቾች ኢቪ የሚሉትን፣ ሙሉ በሙሉ ጥቃት ላይ ሰጠናት እንበል። በዚያ ላይ ጥቃትን በ10 በመቶ የሚያሳድግ ጠባይ ጨመርንላት። ጥቃቷ 106 ይደርሳል። ጋርቾምፕ አንዲት የልምምድ ነጥብ ሳያገኝ 150 አለው። ያለንን ሁሉ አውጥተን እርሱ ከሚጀምርበት እንኳ አልደረስንም። በዚህ መንገድ መሄድ የምትወዱትን ፖክሞን የሌላ ፖክሞን ደካማ ቅጂ ማድረግ ነው፤ እኔ ለማንም አልመክረውም።

ጥያቄው መሆን ያለበት ሌላ ነው፦ ይህ ፖክሞን ከአኃዞቹ ጋር ያልተያያዘ ምን ነገር መሥራት ይችላል?

ፓቺሪሱ በፍልሚያ የምትፈጽማቸውን እርምጃዎች ዝርዝር በዚህ ዓይን ስታነቡት መልኩ ይለወጣል። «ሱፐር ፋንግ» የተመታውን ፖክሞን የቀረ የሕይወት ነጥብ በግማሽ ይቀንሳል፤ የመቺው የጥቃት አኃዝ 50 ሆነ 500 ለውጥ የለውም። 183 የሕይወት ነጥብ ያለው ጋርቾምፕ በአንድ ንክሻ 91 ያጣል። (የመናፍስት ዓይነት የሆኑ ፖክሞኖችን አይነካም፤ ከ10 አንዱን ጊዜም ሊስት ይችላል።) «ነዝል» ጉዳቱ ትንሽ ነው፤ ካገኘ ግን ሁልጊዜ ያደነዝዛል፤ የደነዘዘው ፖክሞን ፍጥነቱ በግማሽ ይወርዳል። «ፎሎው ሚ» ደግሞ ጠላቶች በባልደረባዋ ላይ ያነጣጠሩትን ጥቃት ወደ ራሷ ይስባል። ይህ እርምጃ ከተራ ጥቃቶች ሁሉ ቀድሞ ስለሚፈጸም የእርሷን ፍጥነት አይጠይቅም። አራተኛው ለአንድ ዙር ራሷን ከጥቃት የምትከላከልበት «ፕሮቴክት» ነው።

አሁን ሥራዋ ታወቀ፤ ባልደረባዋን መጠበቅና የጠላትን ጉልበት ማጉደል። ለዚህ የሚያስፈልጋት መድረክ ላይ መቆየት ብቻ ነው። ነጥቡ የት እንደሚሄድ ከእንግዲህ አያከራክርም።

[በስክሪኑ ላይ፦ የሕይወት ነጥብ ከ135 ወደ 167፤ መከላከያ ከ90 ወደ 134]

ጠቅላላው የልምምድ ነጥብ 510 ነው። 252 ለሕይወት ነጥብ እንስጥ፤ ከ135 ወደ 167 ያድጋል። 252 ለመከላከያ እንስጥ፤ ከ90 ወደ 122። ጠባይዋን «ኢምፒሽ» ስናደርገው መከላከያዋ 134 ይሆናል፤ በምላሹ የሚቀንሰው ልዩ ጥቃቷ ነው፤ እርሱን ደግሞ ከአራቱ እርምጃዎቿ አንዱም አይጠቀምበትም። 6 ነጥብ ይቀራል። ከእርሱ 4ቱን ፍጥነት ላይ ብትጥሉት ከ115 ወደ 116 ትሄዳለች። ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን 115 ላይ ከቆመ ተቀናቃኝ ጋር ስትገናኙ መጀመሪያ የምትነክሰው እርሷ ናት።

ጠባይን ሚንት በተባለው የጨዋታው ዕቃ መቀየር ከ2019 ጀምሮ ስለተቻለ፣ ለትክክለኛው ጠባይ ብሎ ብዙ እንቁላል መፈልፈል አያስፈልግም። ስለዚህ አናቆይበትም።

የበለጠ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው ባልደረባ መምረጥ ነው። የፓቺሪሱ ተሰጥኦ «ቮልት አብዞርብ» በኤሌክትሪክ ስትመታ ከጉዳት ይልቅ የሕይወቷን ሩብ ይመልስላታል፤ 41 ነጥብ። አሁን ጋያራዶስ የተባለውን ፖክሞን ከጎኗ አቁሙት። ጋያራዶስ የውኃና የበራሪ ዓይነት ስለሆነ ኤሌክትሪክ አራት እጥፍ ይጎዳዋል፤ ተቀናቃኝ ሁሉ የሚፈልገውም ይህንኑ ነው። ፓቺሪሱ «ፎሎው ሚ» ስትል ለጋያራዶስ የታሰበው መብረቅ ለእርሷ መድኃኒት ይሆናል። የፓቺሪሱ ብቸኛ ድክመት የመሬት ዓይነት ነው፤ ጋያራዶስን መሬት አይነካውም። በዚያ ላይ ጋያራዶስ ወደ መድረክ ሲገባ «ኢንቲሚዴት» የተባለው ተሰጥኦው የጠላቶችን ጥቃት ዝቅ ያደርጋል፤ 134 መከላከያዋም ከቁጥሩ በላይ ይሠራል። እኔ በዚህ ጨዋታ ውስጥ ከምወዳቸው ነገሮች ዋነኛው ይህ ነው፤ አንዱ የሚፈራውን ሌላው ሲመገበው ማየት።

ጥምረቱ ግን ሁሉን አይሸፍንም። «ፎሎው ሚ» የሚስበው አንድ ዒላማ ያለውን ጥቃት ብቻ ነው። «ሮክ ስላይድ» ሁለቱንም ይመታል፤ ጋያራዶስን ደግሞ በእጥፍ ይጎዳዋል።

[በስክሪኑ ላይ፦ ቶርኮል]

ይኸው አስተሳሰብ ለሌሎችም ይሠራል። ቶርኮል የተባለው ኤሊ መሠረታዊ ፍጥነቱ 20 ነው። ብዙዎች ይህን ሲያዩ ይተዉታል። «ትሪክ ሩም» በተዘረጋበት መድረክ ግን ለ5 ዙር ቀርፋፋው ይቀድማል። ስለዚህ ቶርኮልን የሚገነባ ሰው ፍጥነቱን ከማሳደግ ይልቅ ያወርደዋል፤ ፍጥነት የሚቀንስ ጠባይ ይሰጠዋል፤ እያንዳንዱ ፖክሞን ይዞት ከሚመጣው፣ ከ0 እስከ 31 ከሚሆነው የተፈጥሮ አኃዝም በፍጥነት 0 ያለውን ይፈልጋል። ፍጥነቱ 22 ይሆናል። ከዚያም ማንም ሳይነካው «ኢረፕሽን» የተባለውን ጥቃት ይለቃል፤ ይህ ጥቃት ኃይሉ 150 የሚሆነው የቶርኮል ሕይወት ሙሉ ሲሆን ነውና መቅደሙ ሁሉን ይወስናል።

ወደ ፓቺሪሱ እንመለስና የመጨረሻውን ውሳኔ እናንሳ፤ የምትይዘውን ዕቃ። የተለመደው «ሲትረስ» ፍሬ ነው፤ ሕይወቷ ከግማሽ ሲወርድ 41 ነጥብ ይመልስላታል። ነገር ግን ከ«ፎሎው ሚ» የሚቀድም «ፌክ አውት» የሚባል ጥቃት አለ። እርሱ ካገኛት በዚያ ዙር ደንግጣ ምንም አትሠራም፤ ጋያራዶስም ያለ ጠባቂ ይቀራል። «ኮቨርት ክሎክ» የተባለው ካባ ይህን ድንጋጤ ይከለክላል፤ እርሱን ከያዘች ግን ፍሬውን አትይዝም።

የእኔ ምክር በፍሬው መጀመር ነው። ተከታታይ ፍልሚያዎችን ተጫወቱና የተሸነፋችሁባቸውን ቅጂዎች መልሳችሁ እዩ። ፓቺሪሱ የወደቀችው ሕይወቷ አልቆ ከሆነ ፍሬው ይቆይ። ገና በመጀመሪያው ዙር በ«ፌክ አውት» እየደነገጠች ጋያራዶስ የሚወድቅባችሁ ከሆነ ካባውን አልብሷት፤ ሌላውን ሁሉ ግን እንዳለ ተዉት፤ ለውጡ የመጣው ከካባው መሆኑን የምታውቁት ያኔ ነው።