«ሲስተም የለም» ሲባል ማን ይጠየቃል? የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ጤና ይስጥልኝ አድማጮች። ባለፈው ሳምንት ስለ ኔትወርክ አስተዳዳሪ፣ በየመሥሪያ ቤቱ «የአይቲው ልጅ» ስለምንለው ባለሙያ፣ ካወራን ወዲህ ስልኩ አላቋረጠም። ሰዓቱ ለሁሉም ስለማይበቃ አምስቱን ጥያቄዎች መርጫለሁ።

ከሐዋሳ የደወሉ እህት፦ «በቁጠባና ብድር ማኅበር የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ። ደንበኛ ተሰልፎ ‹ሲስተም የለም› የምንልበት ቀን ብዙ ነው። የአይቲያችን ልጅ ግን ሁልጊዜ ወንበሩ ላይ ነው። ሥራው ምንድን ነው?»

እህቴ፣ «ሲስተም የለም» የምትለው ቃል ብዙ ነገር ትሸፍናለች። መብራት ሄዶ፣ ለጊዜው ኃይል የሚሰጠው መሣሪያ (ዩፒኤሱ) ባትሪው ደክሞ ይሆናል። ከውጭ የሚገባው ፋይበር ተቆርጦ፣ ኮምፒውተሮቹን እርስ በርስ የሚያገናኘው ስዊች ተቃጥሎ፣ የዋናው ኮምፒውተር (የሰርቨሩ) ዲስክ ሞልቶ፣ ወይም የሂሳብ ፕሮግራሙ ራሱ ተበላሽቶም ይሆናል። ለተሰለፈው ደንበኛ ሁሉም ያው ነው። የልጁ የመጀመሪያ ኃላፊነት ግን የትኛው እንደሆነ ቶሎ ለይቶ መናገር ነው።

ወንበሩ ላይ ሆኖ የሚሠራው ሥራ ደግሞ ከሩቅ አይታይም። ለእያንዳንዱ ኮምፒውተር አድራሻ መደልደል፣ ማን የትኛውን ፋይል መክፈት እንደሚችል መወሰን፣ ከውጭ ሰርጎ የሚገባን የሚከለክለውን ፋየርዎል መከታተል፣ ማሻሻያ መጫን። በ2017 እ.ኤ.አ. ግንቦት ወር ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ የእንግሊዝን ሆስፒታሎች ሲያሽመደምድ፣ ቀጠሮ የተሰረዘበት ሕመምተኛ ብዙ ነበር። ቫይረሱ የገባበትን ቀዳዳ የሚደፍነው ማሻሻያ ግን ከማይክሮሶፍት የወጣው መጋቢት ላይ ነው፤ ሁለት ወር ቀድሞ ማለት ነው። በእነዚያ ሁለት ወራት ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ማሻሻያውን የጫነ ባለሙያ የሠራውን ማንም አላየለትም።

እርስዎ ልጁን መመዘን ከፈለጉ አንድ ነገር ይጠይቁት፦ «ከባክአፕ (ከመጠባበቂያ ቅጂ) ላይ ፋይል መልሰህ ያየኸው መቼ ነው?» ባክአፕ አለን ማለትና ከባክአፑ መመለስ መቻል የተለያዩ ናቸው። ጥሩ ባለሙያ ቀኑን ይነግርዎታል። ቅጂውም ከሰርቨሩ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ብቻ ከተቀመጠ፣ እሳት ቢነሳ ሁለቱም አብረው ይሄዳሉ።

ከባሕር ዳር የደወለ ወጣት ባለሙያ፦ «ኢንተርኔቱ ለግማሹ ሠራተኛ ይሠራል፣ ለግማሹ አይሠራም። ራውተሩን አጥፍቼ ሳበራው ይስተካከልና ነገ ይደገማል። አለቆቼ ሰለቹኝ።»

ወንድሜ፣ ይህችን ሕመም በደንብ አውቃታለሁ። እኔም ሥራ በጀመርኩበት መሥሪያ ቤት ሦስት ቀን አንከራታኛለች። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ኢንተርኔት እምቢ ያላት አንዲት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ኮምፒውተር ላይ ተቀመጥኩና ትእዛዝ የሚጻፍበትን ጥቁር መስኮት ከፍቼ የአይፒ አድራሻዋን፣ ማለትም ኮምፒውተሯ በኔትወርኩ ላይ የሚታወቅበትን ቁጥር፣ አየሁ። የእኛ አድራሻዎች በ10.10 ነበር የሚጀምሩት፤ የእሷ በ192.168 ይጀምራል። ያን አድራሻ እኔ አልሰጠኋትም። ታዲያ ማን ሰጣት? ከክፍል ክፍል እየዞርኩ ኬብሎቹን በእጄ ተከተልኩ። ኮሪደሩ ጫፍ ላይ ባለ ቢሮ፣ ከፋይል ቁም ሣጥን ጀርባ፣ አቧራ የለበሰች ትንሽ የቤት ራውተር መብራቷን ብልጭ ድርግም እያደረገች አገኘኋት። ኬብሉ የተሰካው በተሳሳተው ቀዳዳ ስለነበር፣ እሷም እንደ ዋናው ራውተር አድራሻ ታድላለች። ጠዋት ኮምፒውተሩን የከፈተ ሰው ከሁለቱ ቀድሞ የመለሰለትን ይቀበላል። ለዚህ ነው ግማሹ የሚሠራለት።

አንተም ከዚያ ጀምር፤ የማይሠራለትን ኮምፒውተር አድራሻ እይ። ስዊችህ የሚፈቅድ ከሆነ ከዋናው ሰርቨር በቀር ሌላ መሣሪያ አድራሻ እንዳያድል የሚከለክለውን ዲኤችሲፒ ስኑፒንግ አብራው። ራውተሯን ያመጡትን ሰውዬ ግን አትጩህባቸው። የእኔዎቹ ያመጧት ዋይፋዩ ቢሯቸው ስለማይደርስ ነበር። ሲግናሉ የት እንደሚደክም ዞሮ መለካት የእኔ ሥራ ነበር፤ አልለካሁም። ሰው መሣሪያ ከቤቱ ሲያመጣ የጎደለውን እየነገረህ ነው።

ስማቸውን ያልጠቀሱ አድማጭ፦ «የመሥሪያ ቤቱን ዋይፋይ ስጠቀም ባለሙያው በዋትስአፕ የምጽፈውን ያነባል?»

አያነብም። ዋትስአፕ ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ መልእክቱን ከስልክዎ እስከ ተቀባዩ ስልክ ድረስ ቆልፎ ነው የሚያደርሰው። ባለሙያው የሚያየው የስልክዎን መለያ፣ ዋትስአፕ መጠቀምዎንና ስንት ዳታ እንደወሰደ ነው። የመሥሪያ ቤቱ ንብረት የሆነ ኮምፒውተር ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ መከታተያ ተጭኖበት ሊሆን ስለሚችል የግል ነገርዎን እዚያ ላይ አይክፈቱ።

ለባለሙያዎችም ልናገር። አለቃ ጠርቶ «የእገሌን ኢሜይል እየው» ሲል እሺ ብሎ መሄድ አደገኛ ነው። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ፈቃድ የሰውን ግንኙነት መጥለፍን ወንጀል አድርጎታል። ቁልፉ በእጃችሁ መሆኑ በሩን ለመክፈት ፈቃድ አይሆንም። ጥያቄው በጽሑፍ ይቅረብ፣ የሕግ ክፍሉም ይየው።

ከደሴ ተማሪ፦ «ቴክኒክና ሙያ እየጨረስኩ ነው። ምን ልማር?»

ሰብኔቲንግን፣ ማለትም አንዱን ኔትወርክ ወደ ትናንሽ ኔትወርኮች የመከፋፈል ስሌትን፣ በወረቀትና በእስክሪብቶ እስኪለምድሽ ሥሪ። የሲስኮ ኩባንያ የመለማመጃ ፕሮግራም፣ ፓኬት ትሬሰር፣ በነጻ ይገኛል፤ ስዊችና ራውተር ሳትገዢ ትለማመጂበታለሽ። ከዚያ ወደ ሲሲኤንኤ፣ ሲስኮ ወደሚሰጠው የኔትወርክ ሙያ ማረጋገጫ ፈተና፣ ሂጂ። የሠራሽውን ሁሉ ደግሞ ደብተር ላይ መጻፍ ከአሁኑ ልመጂ፣ ለምን እንደሆነ ቀጣዩ ጥያቄ ይነግርሻል።

ከአዲስ አበባ የአንድ ድርጅት ሥራ አስኪያጅ፦ «ባለሙያችን ለቆ ሄደ። የራውተሩም የፋየርዎሉም ፓስወርድ አብሮት ሄደ። ስልክ አያነሳም።»

ይህ በትልቅ ከተማም ደርሷል። በ2008 እ.ኤ.አ. የሳን ፍራንሲስኮ ከተማ አስተዳደር የኔትወርክ መሐንዲስ የዋናውን ኔትወርክ ፓስወርድ አልሰጥም ብሎ ታሰረ። ኔትወርኩ መሥራቱን ሳያቆም፣ ከእሱ በቀር የሚነካው ሰው ግን ጠፍቶ ቀናት አለፉ። በመጨረሻ ፓስወርዱን የሰጠው እስር ቤት ድረስ ለሄዱት ከንቲባ ጋቪን ኒውሰም ነው። በ2010 እ.ኤ.አ. ጥፋተኛ ተብሎ የ4 ዓመት እስራት ተፈረደበት። እኔ ግን ሁሌም የሚከነክነኝ ሌላ ነው፤ አንድ ሰው ብቻውን ያን ያህል እንዲይዝ የተወው ማን ነው?

እርስዎ አሁን መሣሪያውን እንደ አዲስ የሚያደርገውን የሪሴት ቁልፍ እንዳይጫኑ። ብዙው መሣሪያ ፓስወርዱን ብቻ ሳይሆን ዓመታት የተሠራውን ቅንብር አብሮ ይሰርዘዋል። መጀመሪያ የእያንዳንዱን ኬብል መሰኪያ ፎቶ ያንሱ። ከዚያ ኮምፒውተርን በቀጥታ ከመሣሪያው ጋር በሚያገናኘው በኮንሶል ኬብል ገብቶ ቅንብሩን ሳያጠፋ ፓስወርድ የሚቀይር ሰው ይፈልጉ፤ በብዙ መሣሪያዎች ይቻላል። መሣሪያው ለጥቂት ጊዜ ጠፍቶ ስለሚነሳ እሑድ ቢሆን ይመረጣል።

አዲስ ባለሙያ ሲቀጥሩ ደግሞ የኔትወርኩ ካርታና ፓስወርዶቹ በታሸገ ፖስታ ካዝናዎ ውስጥ እንዲቀመጡ በውሉ ላይ ያስፍሩ። ፓስወርድ በተቀየረ ቁጥር ፖስታውም ይቀየር። ከማሸግዎ በፊት ግን ባለሙያው ሳይሆን ሌላ ሰው ወረቀቱን ብቻ ይዞ ራውተሩ ውስጥ ገብቶ ይሞክረው።