አንድ ዝርያ ወይስ ሁለት? የወንዝ ዶልፊኖች አመዳደብ

ውድ ተማሪዎች፣ ክቡራን መምህራን፣ እንደምን አመሻችሁ።

ዶልፊን ሲባል አብዛኞቻችን የሚመጣብን ባሕር ነው። ዛሬ የማነሳቸው ግን በደቡብ እስያ፣ በኢንደስና በጋንጅስ ወንዞች ውስጥ ተወልደው እዚያው የሚሞቱትን ነው። ዓይናቸው ሌንስ የለውም፤ ብርሃንን ከጨለማ ቢለዩ እንጂ ምስል አያዩም። በደለል በደፈረሰ ውኃ ውስጥ ዓይን ቢኖርስ ምን ይፈይዳል? ድምፅ ይለቃሉ፣ ነጥሮ ሲመለስ ያዳምጣሉ፣ ዓሣው የት እንዳለ በዚያ ያውቃሉ። ብዙ ጊዜ የሚዋኙት በጎናቸው ተጋድመው፣ በአንድ ክንፋቸው የወንዙን ወለል እየዳበሱ ነው። ቀጭኑንና ረጅሙን አፋቸውን ቢገጥሙት እንኳ የፊት ጥርሶቻቸው በውጭ ይታያሉ።

ኢንደስ ፓኪስታንን አቋርጦ ወደ ዓረብ ባሕር ይወርዳል። ጋንጅስ በሌላው አቅጣጫ፣ በባንግላዴሽ በኩል ወደ ቤንጋል ባሕረ ሰላጤ ይገባል። ታዲያ በማይገናኙ ሁለት ወንዞች ያሉት እነዚህ እንስሳት አንድ ዝርያ ናቸው ወይስ ሁለት? (ዓመቶቹን ሁሉ የምጠራው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) የጋንጅሱ ሳይንሳዊ ስሙን ያገኘው በ1801 ሲሆን፣ የኢንደሱን በ1853 የሰየመው ሪቻርድ ኦወን ነው። በ1971 ፒለሪና ጊር የተባሉ ተመራማሪዎች የራስ ቅሎችን አነጻጽረው «ሁለት ናቸው» አሉ። በ1990ዎቹ መጨረሻ ደግሞ ማስረጃው አይበቃም ተባለና አንድ ዝርያ፣ ሁለት ንዑስ ዝርያ ሆኑ።

ንዑስ ዝርያ ለእኛም እንግዳ ነገር አይደለም። የእኛው ቀይ ቀበሮ ከስምጥ ሸለቆው ወዲያና ወዲህ በሁለት ንዑስ ዝርያ ይመደባል። መለስተኛ ልዩነት አለ፣ ግን የዘር ሐረጉ ለየብቻ ሄዷል ለማለት አያበቃም ማለት ነው። ያ «አያበቃም» የሚለው ድንበር የት ላይ እንደሚያርፍ ነው ጭቅጭቁ።

የእስያዎቹን ጉዳይ የቋጨው አንድ ማስረጃ አይደለም። ጊል ብሮሊክና ባልደረቦቿ በ2015 ባሳተሙት ጥናት በእናት በኩል የሚወረሰውን ዲኤንኤ መርምረው ሁለቱ ከ550 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት እንደተለያዩ ገመቱ። የግምቱ ስህተት ሰፊ ቢሆንም ሁለቱን የሚለየው ምልክት ግልጽ ነበር። ይሁንና ይህ ዲኤንኤ ብቻውን የታሪኩን ግማሽ ነው የሚነግረን፤ የአባት ወገን የለበትም። ስለዚህ በየአገሩ ሙዚየም ተበታትነው የቆዩትን የራስ ቅሎች መፈለግ ግድ ሆነ። በ2021 ውጤቱ ወጣ፦ የቅሉ ቅርፅ፣ የጥርሱ ቁጥር፣ አካሉ የሚያድግበት መንገድ ሁሉ ይለያያል። የባሕር አጥቢ እንስሳት ጥናት ማኅበርም ሁለት ዝርያ ናቸው ብሎ ተቀበለ።

ውሳኔው ለኢንደሱ ዶልፊን ቀላል ነገር አይደለም። በጠቅላላ ወደ 2,000 ገደማ ነው የቀረው። ቀድሞ ይኖርበት ከነበረው የወንዝ ርዝመት 80 በመቶውን አጥቷል፤ ምክንያቱ በዋናነት ለመስኖ ሲባል ወንዙን በየቦታው የዘጉት ግድቦች ናቸው። ዛሬ በብዛት የሚገኘው በጉዱና በ1932 ሥራ በጀመረው የሱኩር ግድብ መካከል ነው። ከጋንጅሱ ጋር እንደ አንድ ዝርያ ሲቆጠር ይህ ሁሉ በድምሩ ውስጥ ይሰወር ነበር።

አሁን ወደ አማዞን ልሻገር። ሁሉንም «የወንዝ ዶልፊን» ብንላቸውም የአማዞኑ ለእስያዎቹ የቅርብ ዘመድ አይደለም፤ ሁለቱም ለየብቻ ከባሕር ወደ ወንዝ ገብተው ነው የተመሳሰሉት። በ2014 የብራዚል ተመራማሪዎች በአራጓያ ወንዝ ያለው ሮዝ ዶልፊን ራሱን የቻለ ዝርያ ነው፣ ከአማዞኑ ከተለየ ወደ 2 ሚሊዮን ዓመት ይሆነዋል፣ ቁጥሩም አንድ ሺህ ገደማ ነው አሉ። ዜናው ዓለምን ዞረ። ማኅበሩ ግን ናሙናው ትንሽ ነው፣ በተለይ የራስ ቅሉ በጣት የሚቆጠር ነው ብሎ እስካሁን ዝርያ አድርጎ አልመዘገበውም።

እኔ በዚህ ከማኅበሩ ጋር ነኝ። እንስሳው እስኪያልቅ ወረቀት ትጠይቃላችሁ ወይ የሚል ቁጣ በየመድረኩ እሰማለሁ፤ ቁጣው ይገባኛል። ግን ለማዳን ስንል ዝርያ እየፈጠርን ከሄድን፣ ነገ ግድብ ሠሪው «ይህ የእናንተ ፖለቲካ ነው» ሲለን መልስ አይኖረንም። ደግሞስ ስም ብቻውን መቼ አዳነ? የቻይናው የያንግትዜ ዶልፊን ከ1918 ጀምሮ ዝርያነቱ ያለ ክርክር የታወቀ ነበር። በ2006 ወንዙን ሳምንታት ሙሉ ያሰሱት ተመራማሪዎች አንድም አላገኙም።

ሕግ ከተፈለገ ለአንድ ወንዝ እንስሳት በዚያው በወንዙ ልክ ጥበቃ ማውጣት ይቻላል፤ የዝርያ ማዕረግ አያስፈልገውም። የአመዳደቡን ጥያቄ ግን የሚመልሰው ሌላ ሥራ ነው፦ ከሁለቱም ወላጆች የሚወረሰውን ዲኤንኤ መመርመር፣ ተጨማሪ የራስ ቅል መሰብሰብ፣ በተለይም አራጓያ ከሚገባበት ከቶካንቲንስ ወንዝ፣ ከቱኩሩዊ ግድብ በታች ካለው ክፍል ናሙና ማምጣት። የአማዞኑና የአራጓያው ዶልፊኖች ይቀላቀሉ እንደሆነ የሚታየው እዚያ ነው። ተለያይተው ከተገኙ ሐሳቤን እቀይራለሁ።

አመሰግናለሁ። ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አውጡ።