ከዋንዛ ቁራጭ ቲኪ መቅረጽ፦ ጭንቅላቱ ለምን ትልቅ ሆነ?

(ምስል፦ ጠረጴዛ ላይ የቆመ የዋንዛ ቁራጭ። ከጎኑ መሮ፣ የእንጨት መዶሻ፣ እርሳስ።)

ይህች የዋንዛ ቁራጭ ናት። ከሰፈራችን አናጢ ቤት፣ ከትርፍ እንጨት መሀል መርጬ ያመጣኋት። ቁመቷ 30 ሳንቲ ሜትር ነው። ወርዷም ውፍረቷም 10፣ 10። ዛሬ ከውስጧ ሰው እናወጣለን። ጭንቅላቱ ትልቅ፣ ዓይኑ ክብ፣ ጉልበቱ ሸብረክ ያለ፣ ሁለት እጁን ሆዱ ላይ ያሳረፈ ሰው። ቲኪ ይባላል።

ለምን ዋንዛ? አንደኛ፣ እዚሁ ስለሚገኝ። ሁለተኛው ምክንያት ግን እኔን በጣም ያስደሰተኝ ነው። በፓሲፊክ ደሴቶች የባሕር ዳር አንድ ዛፍ ይበቅላል። ሀዋይ ላይ "ኮው" ይሉታል፤ ታሂቲና ማርኬሳስ ላይ "ቶው"። አበባው ብርቱካናማ ነው። የዋንዛ አበባ ደግሞ ነጭ። ሁለቱ ግን ኮርዲያ የሚባል የአንድ ወገን ዛፎች ናቸው። የአጎት ልጆች በሏቸው። የሀዋይ ሰዎች ከኮው የምግብ ሳህን ይፈለፍሉ ነበር፤ እንጨቱ የምግቡን ጣዕም ስለማይለውጥ። እኛ ከዋንዛ ከበሮ፣ በርጩማ፣ በር እንሠራለን። ስለዚህ ቲኪን በዋንዛ መቅረጽ ከዘመድ ቤት እንጨት መዋስ ነው።

(ምስል፦ የፓሲፊክ ካርታ። ሦስት ነጥቦች በመስመር ይገናኛሉ።)

መጀመሪያ ግን አገሩን እንወቅ። በሰሜን ሀዋይ። በደቡብ ምዕራብ ኒው ዚላንድ። በደቡብ ምሥራቅ ራፓ ኑይ፣ ብዙዎቻችን ኢስተር ደሴት ብለን የምናውቃት። ሦስቱን በመስመር ስታገናኙ ፖሊኔዥያን ታገኛላችሁ። ደሴቶቹ በሺህ ኪሎ ሜትሮች ይራራቃሉ፤ ቋንቋቸው ግን ይቀራረባል። ይህንኑ ቃል ብትወስዱ፣ ማርኬሳስና ኒው ዚላንድ ላይ ቲኪ ነው። ታሂቲ ላይ ቲኢ። ሀዋይ ላይ ኪኢ። በብዙ የማኦሪ (የኒው ዚላንድ ነባር ሕዝብ) ትረካዎች ደግሞ ቲኪ የመጀመሪያው ሰው ስም ነው።

እንግዲህ ይህ ምስል አሻንጉሊት አይደለም። ቅድመ አያት ነው፤ ወይም አምላክ። የኮንሶን ዋካ ያየ ሰው ይህ አይጠፋውም። ዋካ ለሞተ ጀግና የሚቆም የእንጨት ምስል ነው፤ ለቤተሰቡ ያው ሰውዬው ራሱ ነው።

ሀዋይ ላይ የሆነውን ልንገራችሁ። በ1819 እ.ኤ.አ. (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመቶችም እንደዚሁ ናቸው) የሀዋይ ንጉሥ ቀዳማዊ ካሜሃሜሃ ሞተ። ልጁ ሊሆሊሆ በዚያው ዓመት አሮጌውን የሃይማኖት ሕግ ሻረ። ቤተ መቅደሶቹ ፈረሱ፣ ምስሎቹ ተቃጠሉ። ኩ የሚባለው አምላክ ከሰው ቁመት በላይ የሆኑ ትልልቅ የቤተ መቅደስ ምስሎች ነበሩት፤ ከዳቦ ፍሬ ዛፍ የተጠረቡ። ከእነሱ ዛሬ ያሉት ሦስት ብቻ ናቸው። አንዱ ሆኖሉሉ ቢሾፕ ሙዚየም ነው። አንዱ ለንደን፣ ብሪቲሽ ሙዚየም። አንዱ አሜሪካ፣ ሳሌም ከተማ፣ ፒቦዲ ኤሴክስ ሙዚየም። በ2010 ሦስቱ ሆኖሉሉ ላይ ጎን ለጎን ቆመው ታዩ። ፎቶውን ባየሁ ቁጥር ደረቴን አንድ ነገር ይነካኛል። ሦስት ወንድማማች ከስንት ዘመን በኋላ ሲገናኙ ነው የሚመስለው።

ታዲያ ብዙ ሰው ቲኪን የሚያውቀው ከዚህ አይደለም። ከመጠጥ ቤት ነው። በ1933 ሆሊውድ ውስጥ በፖሊኔዥያ ስም ያጌጠ መጠጥ ቤት ተከፈተ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ ፓሲፊክ ላይ የዘመቱት ወታደሮች አገራቸው ሲመለሱ ፋሽኑ ይበልጥ ገነነ። አንዳንድ የካሊፎርኒያ ቀራጮች እስካሁን ከዘንባባ ግንድ ትልልቅ ቲኪ ይሠራሉ። መሮ የሚያውቅ እጅ አላቸው፤ አከብራቸዋለሁ። ግን ብዙ ጊዜ የሀዋይ አፍ፣ የማርኬሳስ ዓይን፣ የራፓ ኑይ ግንባር በአንድ ፊት ላይ ተቀላቅሎ ታያላችሁ። የማንም አያት ያልሆነ ፊት ይወጣል።

ስለዚህ የእኔ ምክር አንድ ነው። አንድ ደሴት ምረጡና እሱን አጥኑ።

(ምስል፦ አራት ንድፎች፣ አንድ በአንድ።)

ሀዋይ ብትመርጡ አፉ ነው ዋናው። ትልቅ የተከፈተ፣ የሚያስፈራ አፍ። ራፓ ኑይ ላይ ሞአይ ካቫካቫ አለ፤ የጎድን አጥንቱ አንድ በአንድ የሚቆጠር ከሲታ ሰው። የሚቀረጸው ቶሮሚሮ ከሚባል እንጨት ነበር፤ ዛፉ ዛሬ በዱር የለም፣ ያለው በዕፅዋት ማቆያ ብቻ ነው። የማኦሪ ሥራ ላዩ በጥምዝምዝ የተሞላ ነው። ግን እሱን ለጀማሪ አልመክርም። አንዳንዱ ንድፍ የአንድ ነገድ ንብረትና ታሪክ ነው፤ ከኢንተርኔት ገልብጦ መቅረጽ የሰው የቤተሰብ ስም መውሰድ ይሆናል።

አንዱን ግን ሳላነሳ አላልፍም። ከሩሩቱ ደሴት የመጣ ምስል ነው፤ ስሙ አአ። በ1821 የደሴቲቱ ሰዎች ክርስትናን ሲቀበሉ ለሚሲዮናውያን አስረከቡት። የብሪቲሽ ሙዚየም ስብስብ አካል ነው። በፊቱና በሰውነቱ ላይ 30 ትንንሽ ሰዎች ተቀርጸውበታል። ዓይኑ ሰው ነው። አፍንጫው ሰው ነው። አፉም ሰው ነው። ጀርባው ይከፈታል፤ ውስጡ ባዶ ነው። መሮ ይዤ ስደክም ይህን ሥራ አስበዋለሁ።

እኛ ዛሬ የምንይዘው ማርኬሳስን ነው። እነዚህ ደሴቶች በፈረንሳይ ፖሊኔዥያ ሥር ናቸው። በ2024 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገብተዋል። ሂቫ ኦአ በምትባለው ደሴት ታካኢኢ የሚባል የድንጋይ ቲኪ ቆሟል፤ ከሁለት ሜትር ተኩል ያልፋል። ቅርጹን እዩት። ሦስት ነገር ብቻ ነው፦ ጭንቅላት፣ ሆድ፣ እግር። ጭንቅላቱ ከቁመቱ ሲሶ ያህሉን ይይዛል።

ለምን? ቀራጩ የሰውን ልክ ስላላወቀ አይደለም። በፖሊኔዥያ እምነት "ማና" የሚባል ኃይል አለ፤ ከአያት ቅድመ አያት የሚወረስ። ማደሪያው ጭንቅላት ነው። ስለዚህ የሰው ራስ የተከበረ፣ እንዲሁ የማይነካ ነው። ይህ ለእኛ እንግዳ መሆን የለበትም። "ራሴ" ስንል እኔ ማለታችን አይደል? የጦር አለቃውንስ "ራስ" ብለን አልሾምነውም?

(ምስል፦ እርሳስና ማስመሪያ። እንጨቱ በሞርሳ ተይዟል።)

እሺ፣ ወደ ሥራው። 30 ሳንቲ ሜትሩን ለሦስት ክፈሉት። 10 ለጭንቅላት፣ 10 ለሆድ፣ 10 ለእግር። መስመሩን በአራቱም ጎን ዙሪያውን አዙሩት። ከዚያ አራቱን ማዕዘን በመሮ አንሡ፤ ቁራጩ እንደ ግንድ ክብ ይሁን። የማርኬሳስ ፊት እንደ ፎቶ ጠፍጣፋ አይደለም። ግንዱን ተከትሎ ወደ ጎን ይዞራል።

ድሮ ይህ ሁሉ የሚሠራው በድንጋይ ነበር። ስለቱ እንደ ዶማ አግድም የዞረ መጥረቢያ፤ ድንጋዩ በኮኮናት ቃጫ ከእጀታው ጋር የታሰረ። "ቶኪ" ይሉታል። ለእኛ ሁለት መሮ ይበቃል። አንዱ ስለቱ ቀጥ ያለ፣ አንዱ ስለቱ እንደ ጥፍር የጎበጠ። ሁለቱም ስል ይሁኑ። ዱልዱም መሮ ከስሉ ይልቅ አደገኛ ነው፤ ጉልበት ስለሚጠይቅ ያመልጣችኋል። የግራ እጃችሁ ሁልጊዜ ከስለቱ ኋላ ይሁን።

አሁን አንገቱ። ብዙ ሰው እዚህ ነው እንጨቱን የሚያበላሸው። ቀረብ ብላችሁ እዩ።

(ምስል፦ ካሜራው ወደ አንገቱ መስመር ይጠጋል።)

በጭንቅላቱና በሆዱ መካከል ባለው መስመር ላይ በመጋዝ ዙሪያውን እሰነጥቃለሁ። ጥልቀቱ አንድ ሳንቲ ሜትር ተኩል፣ ከዚያ አይበልጥም። ይህ ስንጥቅ አጥር ነው። ከዚያ መሮውን ከአገጩ በኩል አስቀምጬ ወደ ስንጥቁ ቁልቁል እመታለሁ። ፍቅፋቂው ስንጥቁ ጋ ሲደርስ ቀጭ ብሎ ይወድቃል። አያችሁ? አጥሩ ባይኖር ኖሮ መሮው የእንጨቱን መስመር ተከትሎ ሆዱን ይዞት ይሄድ ነበር። አሁን ደግሞ ከታች፣ ከትከሻው በኩል ወደዚያው ስንጥቅ። ሁልጊዜ ከጉብታው ወደ ጎድጓዳው። ሽቅብ ከቆረጣችሁ መሮው እንጨቱ ሥር ይገባና ይፈነቅለዋል። ይህን አንድ ነገር ከያዛችሁ ከሥራው ግማሹን ተምራችኋል። ወገቡም እንደዚሁ ነው፤ ከጉልበቱ በላይ ሌላ ስንጥቅ፣ ከሁለት በኩል ቁልቁል።

አገጩ ከደረቱ ብዙ አይርቅም። አንገት የሌለው እስኪመስል ጭንቅላቱ ትከሻው ላይ ይቀመጥ። አንገቱን ካቀጠናችሁት ቲኪ መሆኑ ቀርቶ አሻንጉሊት ይሆናል።

እጆቹን ከሰውነቱ ነጥላችሁ አታውጡ። ከሰውነቱ ጋር ተጣብቀው ይውረዱ፤ ክርናቸው ታጥፎ ጣቶቹ ሆዱ ላይ ይረፉ። በእጁና በጎኑ መሀል ትንሽ ጎድጎድ ካደረጋችሁ ጥላው የቀረውን ይሠራል። ጉልበቱን ከፊት በኩል ወጣ አድርጉ፣ ከኋላ ቂጡን። በቃ፣ ሸብረክ አለላችሁ።

ዓይኑ ሲመጣ እኔ ሥራ አቆምና ሻይ እጠጣለሁ። እጄ ሲደክም ዓይን አልነካም። የአንድ ብር ሳንቲም አስቀምጡና ዙሪያውን በእርሳስ አስምሩ፤ ሁለቱን ጎን ለጎን፣ ወደ ጆሮው ዘመም አድርጋችሁ። የጎበጠውን መሮ መስመሩ ላይ ቀጥ አድርጋችሁ በስሱ ምቱ፤ ትንሽ አዙሩት፤ ድጋሚ ምቱ። ክቡ ሲገጥም የውጪውን እንጨት ዝቅ አድርጉ። ዓይኑ ብቻውን ከፍ ብሎ ይቀራል። ከዚያ ጠርዙን ለስለስ አድርጋችሁ አድቦልቡሉት። ቅንድቡ ከአፍንጫው ሥር ተነሥቶ እንደ ቅስት ይውጣ። አፉ ሰፊ ነው፤ ከጉንጭ እስከ ጉንጭ። ብሌን አትሥሩለት። ብሌን የሌለው ዓይን የት እንደሚያይ አይታወቅም፤ ለዚህ ነው ክፍል ውስጥ የትም ብትቆሙ የሚያያችሁ የሚመስለው።

(ምስል፦ የተሰነጠቀ አሮጌ ቲኪ።)

ይህ ደግሞ የመጀመሪያዬ ነው። ከግንባሩ እስከ አገጩ ተሰንጥቋል። ክብ ግንድ ገዝቼ ነበር፤ ሻጩ "ደረቅ ነው" አለኝ፣ አመንኩት። ሁለት ሳምንት ለፋሁበት። መስኮት ዳር፣ ፀሐይ ላይ አቆምኩት። አንድ ቀን ጧት ስነሣ ፊቱ ለሁለት ሆኗል። አዘንኩ፣ እውነት ለመናገር።

ምክንያቱን ኋላ ነው የተረዳሁት። እንጨት ሲደርቅ ይሸማቀቃል፤ ግን እኩል አይደለም። በዕድሜ ቀለበቱ ዙሪያ የሚሸማቀቀው፣ ከመሀል ወደ ቅርፊት ከሚሸማቀቀው በግምት እጥፍ ነው። ክብ ግንድ እምብርቱን እንደያዘ ሲደርቅ ዙሪያው ይጠብበታል፤ መሸሻ ሲያጣ ይሰነጠቃል። ስለዚህ እንጨት ስትመርጡ ጫፉን እዩ። ቀለበቶቹ እንደ ዒላማ መሀል ላይ ከተገናኙ ተዉት። እንደ ቀስት ጎብጠው ብቻ ካለፉ ውሰዱት። ይህችን የዛሬዋን ቁራጭ የመረጥኳት ለዚህ ነው። ጉጥም የለባትም።

ድርቀቱን በወጥ ቤት ሚዛን ማወቅ ይቻላል። በሳምንት አንዴ መዝኑ፣ ጻፉ። ክብደቱ መቀነስ ሲያቆም ደርቋል። እስከዚያ ጥላ ውስጥ ይቆይ፤ ሁለቱን ጫፍ የቀለጠ ሻማ ቀቡት። ውኃው ከሁሉ በፊት የሚያመልጠው በጫፉ ነው።

(ምስል፦ ያለቀው ቲኪ። በጎን ብርሃን።)

ማለስለሱን ለእናንተ ትቻለሁ። እኔ ሆዱንና ጭንቅላቱን በብርጭቆ ወረቀት እፍቃለሁ፤ ጀርባው ላይ የመሮው ምት እንዲታይ እተዋለሁ። ስትፍቁ አፍና አፍንጫችሁን ሸፍኑ፤ ሰጋቱራው ሳንባ አይወድም።

ቅቡ የተልባ ዘይት ነው። በጨርቅ በስሱ ቀቡት፣ ጥቂት ቆይታችሁ የተረፈውን ጥረጉ። ጥሬው ዘይት ቶሎ አይደርቅም፤ በሁለት ቅብ መሀል ጥቂት ቀናት ታገሡ። ሦስት ጊዜ ይበቃል። የዋንዛው ቡናማ መልክ ሲወጣ እዩት፤ በተለይ ግንባሩ ላይ፣ መስመሮቹ ሲሰበሰቡ።

ዘይቱን የጠጣውን ጨርቅ ግን ጨብጣችሁ ቅርጫት ውስጥ አትጣሉት። የተልባ ዘይት ሲደርቅ ሙቀት ያወጣል፤ የተጨማደደ ጨርቅ በራሱ እሳት ሊነሣበት ይችላል። ውኃ ውስጥ ንከሩት፣ ወይም ደጅ ገመድ ላይ ዘርግታችሁ አስጡት። የእኔ እዚያ ተሰጥቷል።