ፖርትፎሊዮው አይታረምም

እሺ... ዛሬም እንግሊዝ ነን። ዲግሪ አፕረንቲስሺፑን፣ ያው ተቀጥረው እየሠሩ ዲግሪ የሚማሩበትን መንገድ፣ ባለፈው ሳልጨርሰው ነው የተውኩት፤ ያ የመጨረሻው ምዘና፣ በተለይ የሙያ ውይይቱ፣ አለቀቀኝም። ደግሜ ላነሳው ነው፣ ታገሡኝ።

አንድ ተማሪ እንበል። ልጁ ጌትዌይን፣ ለመጨረሻው ምዘና ዝግጁ መሆኑ የሚረጋገጥበትን ደረጃ፣ አልፏል። አሠሪው «ደርሷል» ብሎ ፈርሟል፣ ዩኒቨርሲቲውም ተስማምቷል፣ ፖርትፎሊዮው፣ የሥራ ማስረጃዎቹ ስብስብ፣ ገብቷል። ከዚያ ገለልተኛ ገምጋሚ ስክሪኑ ላይ ይመጣል፤ አስተምሮት የማያውቅ፣ አለቃውም ያልሆነ ሰው። በብዙ ሙያዎች 60 ደቂቃ ገደማ ነው ያላቸው። «ሲስተሙን ወደ ክላውድ ስታዛውሩ ምን አደረግክ?» ይለዋል። ልጁም «መጀመሪያ ዳታውን ለየን፣ ሞከርነው፣ ከዚያ አዛወርነው» ይላል።

እዚህ ጋ ቁሙልኝ። ለየን... ማን ነው የለየው? ገምጋሚው የሚመዝነው የዚህን ልጅ እውቀት፣ ክህሎትና ባህሪ ነው እንጂ የቡድኑን አይደለም። ጥሩ ገምጋሚ «አንተስ ራስህ?» ብሎ ይመልሰዋል። መልሱን ግን ሊያጎርሰው አይችልም፤ ሰዓቱም ይሄዳል። የእኛ ልጆች ደግሞ፣ ለንደንም ተወልደው፣ «እኔ ሠራሁት» ማለት ጉራ ነው እየተባሉ ነው ያደጉት። ጨዋነት ነው እኮ! ደስ የሚል ጨዋነት። እዚያ ወንበር ላይ ግን ነጥብ አያስገኝም። ያናድደኛል፤ ደግሞ ገምጋሚውን ልወቅሰው አልችልም፣ ያልሰማውን ከየት ያምጣ?

ፖርትፎሊዮው አለ አይደል፣ ትሉኛላችሁ። አለ፤ ግን በአብዛኞቹ ሙያዎች ለብቻው ማርክ አይሰጠውም። ገምጋሚው አስቀድሞ አይቶ ጥያቄ ያወጣበታል፣ ልጁም እያጣቀሰ ይናገርበታል፣ በቃ። የሚታረመው ሥራው ላይ ስለሠራው ፕሮጀክት የሚጽፈው ሪፖርት ነው። እሱም የቃላት ገደብ አለው፤ የትኛው ክፍል የትኛውን መስፈርት እንደሚያሳይ የሚገልጽ ሰንጠረዥም ከኋላው ይያያዛል። ስለዚህ ወራቱን ሁሉ ፋይል በማሳመር ከመጨረስ፣ ለእያንዳንዱ መስፈርት አንድ ሥራ መርጦ ጮክ ብሎ መለማመድ ይሻላል፦ ችግሩ ምን ነበር፣ እኔ ምን መረጥኩ፣ ሌላውን ለምን ተውኩት፣ ምን ተገኘ። «ሌላውን ለምን ተውኩት» የምትለዋ ናት ብዙ ጊዜ የምትረሳው፤ ከፍተኛው ውጤት ግን እሷ ውስጥ ነው ያለው።

ደግሞ... አዎ፣ የዲግሪው ነገር። በተዋሃደው ዓይነት ምዘናው የዲግሪው አካል ስለሆነ ሳይታለፍ ዲግሪው የለም። ባልተዋሃደው ግን ዲግሪው ከጌትዌይ በፊት ያልቃል፣ ምዘናው ለብቻው ይመጣል። ተመርቀው፣ ጋውን ለብሰው ፎቶ ተነሥተው፣ ምዘናውን ሳይቀመጡ ሌላ ሥራ የሚገቡ አሉ። ያኔ የአፕረንቲስሺፑ ሰርተፍኬት ይቀራል፤ መንግሥት ለአሠልጣኙ ተቋም ከሚሰጠው ላይ እስከ ፍጻሜው የሚይዘው 20 በመቶ ክፍያም እንደዚያው።

አሁን ሥርዓቱ እየተቀየረ ነው። በ2025 በወጣው አዲስ አካሄድ ከምዘናው ከፊሉ በሥልጠናው መሃል ሊሰጥ ይችላል፣ ባህሪውንም አሠሪው ያረጋግጣል። መጀመሪያ ሳነበው እፎይ አልኩ፤ ሁሉ ነገር በአንድ ጊዜ ፈተና አያልቅም ማለት ነው። ግን ስብሰባ ላይ ዝም የሚል ልጅ... አለቃውስ ምን ያህል አይቶታል? የማያውቀው ገምጋሚ ቢያንስ «አንተስ ራስህ?» ብሎ ይጠይቀዋል። አለቃው ይጠይቀዋል ወይ? እንጃ፣ አንዳንዱ... ዳግም ፈተናውንም ገና አልነካሁትም፣ ሳይማሩ የሚደገመውና ተምረው የሚደገመው ይለያያል፣ ውጤቱም ብዙ ጊዜ ጣሪያ ይበጅለታል፣ እሱን... እሱን ሌላ ቀን።