የቀረውን ታውቂዋለሽ

ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንዲት ቃል ነው። «ኤቼቴራ» ስለምትባለው።

ሮም በገባሁ በሁለተኛው ወር አንዲት አሮጊት ሲኞራ ቤት እሠራ ነበር። አንድ ጠዋት የገበያ ወረቀት ሰጡኝ። ወተት፣ ዳቦ፣ እንቁላል፣ ኤቼቴራ ይላል። ሦስቱን ገዝቼ ተመለስኩ። ከረጢቱን ከፍተው አዩና «ሌላውስ?» አሉኝ። የቱ ሌላው? «የቀረውንማ ታውቂዋለሽ!» ብለው ከልባቸው ተገረሙ።

ያቺ ቃል ከዚያን ቀን ጀምሮ ከአእምሮዬ አልወጣችም። ላቲኑ «ኤት ኬቴራ» ነው። «ኤት» እና ማለት ነው፤ «ኬቴራ» ደግሞ የቀሩት። በጊዜ ብዛት «ት» ተዋጠች፣ «ኬ» ወደ «ቼ» ተለወጠች፣ ጠበቀችም። የእኛዋ ወዘተስ? ግዕዙ «ወዘተርፈ» ነው፤ እና የተረፈው። ሳይመካከሩ አንድ ሐሳብ ላይ መድረሳቸው እስካሁን ይደንቀኛል።

የተረፈው ሲባል ግን የታወቀ ነገር ነው። ይህን በደንብ የሚያሳዩት የመካከለኛው ዘመን የኢጣሊያ ውል ጸሐፊዎች ናቸው። ከመዝገቦቻቸው እስከ ዛሬ የቆየው የመጀመሪያው የጄኖቫው ጆቫኒ ስክሪባ ነው፤ ከ1154 እስከ 1164 እ.ኤ.አ. የተጻፈ። እነዚህ ጸሐፊዎች ውሉን መጀመሪያ በመዝገባቸው ላይ አሳጥረው ያሰፍሩታል። ሁልጊዜ የሚደጋገም አንቀጽ ሲደርስ «ቃል በመግባት» ብለው ይጀምሩና «ኤት ኬቴራ» ብለው ይዘጉታል። ባለጉዳዩ ሙሉውን በብራና ሲፈልግ ያቺ ቃል ተዘርግታ ሙሉ አንቀጽ ትሆናለች። ቤት፣ መሬት፣ ጥሎሽ በዚያች ቃል ውስጥ ታጥፎ ይቀመጥ ነበር። ጸሐፊው የተረፈውን በቃሉ ያውቀዋላ!

ጣሊያንኛ ሌሎችም መዝጊያዎች አሉት። «ኤ ኮዚ ቪያ» ይላሉ፤ ቪያ በላቲን መንገድ ናት፤ ወሬው በዚያው መንገድ ይቀጥላል እንደ ማለት። «ኮዜ ዴል ጄኔሬ» ደግሞ የዚህ ዓይነት ነገሮች ማለት ነው። የጥንቷ ሮም ገጣሚ ሆራስም በላቲን ሐኪም ነን ባይ መድኃኒት ሻጮችን፣ ለማኞችንና ተዋናዮችን ደርድሮ ሲያበቃ «ሆክ ጌኑስ ኦምኔ» ብሏል፤ ይህ ዓይነቱ ሁሉ። ጄኔሬ የዚያ የጌኑስ ልጅ ነው። ኮዛስ? የመጣችው ከላቲኑ «ካውሳ» ነው። ካውሳ ምክንያት፣ የፍርድ ቤት ጉዳይም ነበር። ቀስ በቀስ ተራ «ነገር» ሆነ። ነገረ ፈጅ የምንል ሰዎች ይህ አይጠፋንም። የእኛም ነገር ከችሎት እስከ ጓዳ ነው።

አሁን አሁን «ኤ ኩዋንታልትሮ» በየስብሰባው ይሰማል። ሌላም ያለው ሁሉ እንደ ማለት ነው። ብዙ ጣሊያኖች አይወዱትም፣ እኔም አልወደውም። ተናጋሪው የቀረውን ራሱም የሚያውቀው አይመስለኝም። የእኛ «ምናምን»ም አንዳንዴ እንዲሁ ነው። ኤቼቴራ ግን የሚሰማውን ሰው ታምናለች። ታውቀዋለህ፣ ታውቂዋለሽ ትላለች።

ከሲኞራዋ ጋር ዓመት ስንሞላ ወረቀቱ አጠረ። አንድ ቀን «ዳቦ፣ ኤቼቴራ» ብቻ ብለው ጻፉ። ወተት ገዛሁ፣ እንቁላል፣ ሁለት ሎሚ፣ ያን መራራ ቡናቸውን፣ ክብሪትም፤ ምድጃው በራሱ አይለኮስም። ከረጢቱን አዩት። ምንም ሳይሉ ጀበናቸውን ጣዱ።